ሙዚቃ ነዳጅ ይበላል

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ሬዲዮውን የሚያስነካና የማያስነካ። ሌላው ልዩነት ሁሉ፣ ሃይማኖቱም፣ ፖለቲካውም፣ ቁመቱም፣ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። የማያስነኩት ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ግን የትም ከተማ ብትሄዱ አንድ አታጡም፣ ደግሞ ሁልጊዜ መኪና ያለው እሱ ሆኖ ይገኛል። በር ይከፍትላችኋል፣ ቦታ ይለቅላችኋል፣ ቢበርዳችሁ ጃኬቱን አውልቆ ይሰጣችኋል። ጣታችሁ ወደ ሬዲዮው ማዞሪያ ጠጋ ስትል ግን ያ ደግ ሰው ብን ብሎ ይጠፋና በቦታው ንጉሥ ይቀመጣል።

የኛ የብሬንፎሽ ከተማ ልጆች ንጉሥ ቶርድ ይባል ነበር። ማዕረጉን ሳላጓድል ልጥራው፤ ክቡር ካፒቴን ቶርድ፣ የኤፓው ባለቤት፣ የሬዲዮው ዘበኛ፣ የደረቅ ምድር አድሚራል። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው። አንገቱ ረጅምና ቀይ ነበር። ጢም ይወጣለታል ብለን ሁላችንም በትዕግሥት ስንጠብቅ ከረምን፣ አልወጣም።

ኤፓ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። የስዊድን ሕግ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መኪና አያስነዳም፤ ትራክተር ግን ያስነዳል። ስለዚህ ልጁ አሮጌ መኪና ያገኝና የኋላውን ግማሽ በመጋዝ ገዝግዞ ይጥላል፤ በምትኩ ክፍት የጭነት ሣጥን ይገጥማል፤ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ሁለተኛ ካምቢዮ ይጨምርበታል፤ ከኋላው ደግሞ በዝግታ የሚሄድ መሆኑን የሚናገር ቀይ ሦስት ማዕዘን ይለጥፋል። ከዚያ የመንግሥት መርማሪ ይመጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ ትራክተር ነው ብሎ ይፈርማል። በመንግሥትና በጎረምሳ መካከል እንዲህ ያለ መተማመን ሌላ ሀገር አላየሁም።

የቀሩት ልጆች መርማሪው ጥግ እንደታጠፈ ሁለተኛውን ካምቢዮ ነቅለው ዘጠና ይነዱ ነበር። ቶርድ ሠላሳ ከተባለ ሠላሳ ነው። ብስክሌት ያልፈናል። አንዴ የቀብር ሰልፍ ከኋላችን መጥቶ፣ ካህኑ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ይቅርታ ጠይቀው፣ ቀድመውን ሄደዋል።

ኤፓው ከአያቱ የወረሰው ያረጀ ቮልቮ ነው። ሲቆርጠው መጋዙ ስለተንሸዋረረበት ጣሪያው በቀኝ በኩል አጭር ሆኖ ቀረ። ወንበሩም የመኪና ወንበር አልነበረም፤ አክስቱ ቤት ስትቀይር የጣለችው የወጥ ቤት አግዳሚ ነው፣ መቀመጫው እንደ ሣጥን የሚከፈተው ዓይነት። እሱን ወለሉ ላይ በብሎን ጠፍሮ ሦስታችን ተደርድረን እንቀመጥበት ነበር። ቶርድ መሪው ጋ፣ እኔ መሐል፣ ኡርባን በቀኝ በኩል። ኡርባን ቁመቱ ያለ ልክ የረዘመ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ልጅ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው በሱ በኩል ስላጠረ የሚዘንበው እሱ ላይ ብቻ ነበር። ቅር አይለውም፤ ኡርባን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚዘንብበት ልጅ ነው።

ቅዳሜ ማምሻውን የከተማው ወጣት በሙሉ ይዞራል። ከቋሊማ ኪዮስኩ ተነስተን፣ ነዳጅ ማደያውን አልፈን፣ በድልድዩ ተሻግረን፣ አደባባዩን ዞረን እንደገና ቋሊማ ኪዮስክ። ከዚያ ያንኑ መድገም ነው። ወዴት ነው የምትሄዱት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌላ ከተማ የመጣ መሆን አለበት። መስኮት ይወርዳል፣ ክርን ይወጣል፣ ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሬዲዮው ነበር። በዚህ ከሁሉ አንደኛው ኮኒ ነው። ኮኒ የዳንስ አዳራሹ ሲዘጋ ድምፅ ማጉያዎቹን ጠቅልሎ ወስዶ ኤፓው ላይ ጭኗቸዋል። እሱ ሲያልፍ የፋርማሲው መስታወት ይርገበገባል፣ የአዛውንቶች ሰው ሠራሽ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ይንቀጠቀጣል ይባላል።

እኛስ? እኛ በዚያ ሁሉ ጊታርና ከበሮ መሐል፣ መስኮታችንን አውርደን፣ ክርናችንን አውጥተን፣ አንድ ጉንፋን የያዛቸው ፕሮፌሰር ስለ ድንች በሽታ የሚሰጡትን ማብራሪያ ለከተማው ስናስደምጥ እናመሽ ነበር።

የቶርድ ሬዲዮ ከአንድ ጣቢያ ንቅንቅ አይልም፤ ከዋናው የቁም ነገር ጣቢያ። የእርሻ ምክር፣ የማታ ጸሎት፣ የሰው አጥንት አፈጣጠር፣ በሬዲዮ የሚተላለፍ የቼዝ ውድድር። ስለ ቼዙ ባላወራ ይሻላል። ሁለት ሰዎች ዝም ሲሉ አንድ ሙሉ ምሽት አዳምጠናል። የአውራጃው የወጣቶች ጣቢያ ያንኑ ሰዓት ምርጥ ምርጡን ዘፈን ይለቃል፤ እኔ ደግሞ ማዞሪያው ከጉልበቴ ፊት ነው ያለው። እጄን ሰደድ ሳደርግ፣ ቶርድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጣቴን ቸብ ያደርጋታል። «መሪ የያዘ ይመርጣል» ይላል። ስከራከረው ደግሞ ሳይንሱን ያመጣዋል። «ማሪታ፣ ሙዚቃ ነዳጅ ይበላል።»

ነገሩን ሲያስረዳ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል አይታይም። ከበሮ እግርን ያከብዳል፤ የከበደ እግር ነዳጁን ይረግጣል፤ ስለዚህ ሙዚቃ ነዳጅ ይበላል። ኡርባን አንዴ ድንችስ አይበላም ወይ ብሎ በየዋህነት ጠየቀው። ቶርድ ትንሽ አሰበና ንግግር ቀላል ነው ብሎ መለሰለት፤ ኡርባንም እውነትህን ነው ብሎ አመነ። እኔ በሁለቱ መሐል ተቀምጬ አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር።

ኡርባን ራሱ ዋጋውን ከፍሏል። በቋሊማ ኪዮስኩ የምትሠራዋን ኢልቫን ክረምቱን ሙሉ በዓይኑ ብቻ ሲከተላት ከርሞ፣ እንደ ምንም ደፍሮ አንድ ቅዳሜ ለዙር ጋበዛት። እኔ ቦታዬን ለቅቄ ከኋላ የጭነት ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። ኢልቫ መሐል ተቀመጠች፤ ጸጉሯን አስተካክላለች፣ ሽቶ ቀብታለች። ኡርባን የሚናገረውን ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር የሰነበተው። አፉን ሲከፍት፣ ከሬዲዮው አንድ የእንስሳት ሐኪም ቀድሞት የአሳማ ግልገል እንዴት እንደሚኮላሽ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ጀመረ። ኡርባን ቶርድን ለመነው። ቶርድ መሪ የያዘ ይመርጣል አለ። ሐኪሙ ቢላዋው ጋ ሲደርስ ኢልቫ በትሕትና አመስግና፣ ኡርባንን ተሻግራ በሩን ከፍታ፣ ኤፓው እየሄደ ወረደች። እንደዚያ ስታደርግ ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ቀድማን ኪዮስኩ ደረሰች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባሕር ዜናው ነበር። በየማታው ጣቢያው በየጠረፉ ያሉትን የባሕር መብራት ማማዎች እየጠራ የነፋሱን አቅጣጫና ጉልበት ለመርከበኞች ያነባል። ብሬንፎሽ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት፤ ቶርድ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ዋናም አይችልም። ቢሆንም ያ ዜና ሲጀምር ኤፓው ውስጥ መተንፈስ ክልክል ነው። ክቡርነታቸው በነፋሱ ነው የሚነዱት። ላንድስኦርት የሚባለው ማማ ላይ ነፋሱ ከበረታ ፍጥነቱን ወደ ሃያ ያወርዳል። ቪንጋ ላይ ጭጋግ ከተባለ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ እያለች፣ መብራት ያበራል። ማዕበል የተባለ ቀን ደግሞ ኡርባን ከአግዳሚው ሥር የሱፍ ኮፍያ እንዲያወጣና እንዲያድለን ይታዘዛል። በኛ ሀገር በጋ በሆነው በሐምሌ ሙቀት ሦስት ወጣቶች የሱፍ ኮፍያ አድርገን፣ በሰዓት ሃያ፣ መብራት አብርተን በፋርማሲው በር ስናልፍ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይተርካል። ኮኒማ «አድሚራል፣ መርከቧ ስንት ሰዓት ትገባለች?» ሳይል አልፎን አያውቅም።

ታዲያ ለምን አልወረድሽም ትሉኛላችሁ። ወርጄ የት ልሂድ? በዚያ ዕድሜ በእግሩ የሚዞር ሰው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ሆኖ ሆኖ በዚያ ዓመት እኔና ኡርባን ዘፈን ሠራን። ግጥሙ የኔ ነው፣ ዜማው የኡርባን፤ «ሠላሳ በሰዓት» አልነው። ከበሮ የሚመታ ሰው ስላልነበረን የምንቀዳው በኡርባን ሕንፃ ምድር ቤት፣ በጋራ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሆነ። እዚያ ያለው ማጠቢያ ማሽን ልብሱን ጨምቆ ሲያሽከረክር ከማንም ከበሮ መቺ የተሻለ ምት ይሰጣል። ችግሩ ተራው ነው። በኛ ሀገር የሰው ትዳር ብታፈርሱ ከጊዜ በኋላ ይቅር ትባላላችሁ፤ የሰው የማጠቢያ ተራ የነካ ግን ከተማ ቀይሮ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ሰው ተራ ይዘን፣ ተራችን ሲደርስ ደግሞ ባዶ ማሽን ማሽከርከር ነውር ስለሆነ፣ የኡርባንን እናት አንሶላዎች ይዘን ወረድን። አንሶላው ሲጨመቅ ኡርባን አኮርዲዮኑን ሳበ፣ እኔ ዘፈንኩ። ካሴታችን አንዲት ብቻ ነበረች። እሷኑ ለአውራጃው የወጣቶች ጣቢያ ላክናት።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከጣቢያው ደወሉ። ዘፈናችሁ ቅዳሜ ማታ፣ የአንድ ሰዓቱ ዝግጅት ሲጀምር ይለቀቃል አሉን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለቀቀው፤ የተላከ ካሴት አይመለስም።

እስቲ ፍረዱኝ። ከኡርባን እናት ጋር ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ብስኩት እየነከርን ልንሰማው እንችል ነበር። ግን ቅዳሜ ማታ በሰልፉ ውስጥ፣ ከኤፓ መስኮት ያልተሰማ ዘፈን በብሬንፎሽ እንደ ዘፈን አይቆጠርም። ስለ ድንች ሲስቁብን፣ ስለ ኮፍያችን ሲስቁብን የኖሩ ልጆች ሁሉ፣ አንዴ እንኳ ከኛ ኤፓ የኔ ድምፅ ሲወጣ እንዲሰሙ ፈለግሁ። በሕይወቴ ያን ያህል የፈለግሁት ነገር ብዙ የለም። በዚያ ላይ ዘፈኑና የባሕር ዜናው የሚጀምሩት በአንድ ሰዓት ላይ ነው።

ቶርድን ለመንኩት። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ስለምነው ሰነበትኩ። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ዘፈን ብቻ፣ ከዚያ ዕድሜ ልክህን ስለ አሳማ አዳምጥ አልኩት። መጀመሪያ ነፋሱን አይተን እንወስናለን አለኝ። ቀጥሎ የኡርባን እናት ወጥ ቤት እኮ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ሰድር ነው አለ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ኤፓው ታሟል፣ ነገ ባይነሳ አትቀየሚኝ አለኝ። ቅዳሜ መጣ፣ ኤፓው ተነሳ። ቶርድ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ ፊቱ ላብ በላብ ነው፣ አያናግረንም። እኔ ጨካኝ ብዬ በልቤ እረግመዋለሁ።

አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነዳጅ ማደያውን አልፈን ወደ ድልድዩ ታጠፍን። ከፊታችን ኮኒ፣ ከኋላችን የቀረው ሰልፍ። ከኛ ሬዲዮ የሴትዮዋ የረጋ ድምፅ መጣ፤ «አሁን የባሕር አየር ዜና እናቀርባለን።» እጄን ሰደድኩ። ቶርድ ጣቴን ቸብ አደረገ። እንደገና ሰደድኩ። እንደገና ቸብ። በዚህን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ በሁለት እጄ ማዞሪያውን ጨምድጄ ያዝኩና አዞርኩት።

ዞረ። ሴትዮዋ ስለ ላንድስኦርት ማንበቧን ቀጠለች። አሁንም አዞርኩት፣ ዞረ። ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ እንደ ቧንቧ ክዳን ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሴትዮዋ ምንም አልመሰላትም። በመጨረሻ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ገልብጬ ሳየው የልብስ ስፌት ክር የሚጠቀለልበት እንጨት ነው፤ ሬዲዮው ላይ በሚስማር ተሰክቶ ኖሯል።

ቶርድ አንገቱ ከቀይም አልፎ ሌላ መልክ አመጣ።

«ሌላ ጣቢያ አይዝም» አለ ቀስ ብሎ። «ረጅም ሞገድ ብቻ ነው፤ የአያቴ ሬዲዮ ነው። ሙዚቃ ይዞም አያውቅም።»

ኡርባን ብዙ አሰበ። «እና ያን ቀን አሳማው...» አለ።

«አዎ።»

«ኢልቫ የወረደችው...»

«አዎ አልኩህ እኮ። ምን ልበል ታዲያ? ሬዲዮዬ ሽማግሌ ነው ልበል? በዚህ ሰልፍ መሐል? እብድ ነው ቢሉኝ ይሻለኛል።»

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ያህል በዚያ ማዞሪያ ግንባሩን ባልኩት ብዬ ነበር። ያ ሁሉ ድንች፣ ያ ሁሉ የሱፍ ኮፍያ! ይህ ልጅ ሌላ ጣቢያ የማይዝ ሬዲዮ ሸፋፍኖ ለማኖር ሲል ሙሉ የባሕር ኃይል አቋቁሞ ነበር ማለት ነው። ግን ቀና ብዬ ሳየው የታችኛው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ አንጀቴን በላው። ደግሞም ሰዓቱ ሊሞላ ነው፤ ዘፈኔ ሰው በሌለበት ሊዘፈን ነው። ለሁለቱም አለቀስኩ።

ቶርድ እንባዬን አየ። ከዚያ ያደረገውን ሲያስበው አላየሁትም። ድልድዩ መሐል ስንደርስ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘና ኤፓውን አግድም አቆመው። በየትኛውም በኩል ብስክሌት እንኳ አያሳልፍም። ቁልፉን ነቅሎ ሸሚዙ ውስጥ ጨመረና ጭነቱ ላይ ወጣ።

ሰልፉ ቀጥ አለ። ከዚያኛው ወገንም የሚመጣው ቆመ፣ የአውራጃው አውቶቡስም ከነመንገደኛው ቆመ። ክላክስ ድልድዩን አናጋው። ቀድሞን ያለፈው ኮኒ ወደ ኋላ ነድቶ መጥቶ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «አንተ አድሚራል፣ መልሕቅህን ሌላ ቦታ ጣል እንጂ!» አለው።

ቶርድ እጁን አነሳ። ድምፁ ገና ያልጎለመሰ ስለነበር መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ቀጠነበት።

«ስሙኝ፣ የኔ ሬዲዮ ሙዚቃ መያዝ አይችልም። የባሕር ዜናም እኔ ወድጄ የመረጥኩት አይደለም፣ ሌላ ስለማይዝ ነው። ካሁን በኋላ እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ ግን አሁን አይደለም። የማሪታና የኡርባን ዘፈን ሊጀምር ነው። መስኮት አውርዱ፣ ሬዲዮ ክፈቱ፣ ክላክስ ተዉ። እባካችሁ።»

ይህን ሁሉ የተናገረው ሰው ሁሉ ባለበት፣ ኮኒ ፊት፣ ኢልቫ ክላክሱን ሰምታ ከኪዮስኩ መጥታ በቆመችበት ነው። ለመሸፈን ያን ሁሉ ዘመን የደከመበትን ገበና በገዛ አፉ ድልድይ ላይ ዘረገፈው። ኡርባን ኮፍያውን አወለቀ፤ የምን ኮፍያ እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን ማዕበል አልነበረም።

ኮኒ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ጭንቅላቱን አስገባና የዳንስ አዳራሹን ድምፅ ማጉያዎች እስከ ጥጋቸው ከፈታቸው። ከኋላችን ያለውም ከፈተ፣ የዚያ ማዶዎቹም እየተከታተሉ ከፈቱ። ሁሉም የሚያዳምጡት የወጣቶቹን ጣቢያ ስለነበር ድልድዩ በሙሉ አንድ ሬዲዮ ሆነ። አቅራቢዋ ስማችንን ጠራች። የኡርባን እናት አንሶላዎች መሽከርከር ጀመሩ፣ አኮርዲዮኑ ገባ፣ ከዚያ የኔ ድምፅ ከሰልፉ ሁሉ መስኮት በአንድ ላይ ወጣ።

ስለ ራሴ ዘፈን አልፈርድም፤ እግሮች ግን ይወዛወዙ ነበር። የአውቶቡሱ መንገደኞች ሳይቀሩ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። አዝማቹ ሊገባ ነው፤ የዘፈኑ ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ኡርባንም እኔም በአንድ ድምፅ የምንጮኸው እሱን ነው። ትንፋሼን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

«ይቅርታ አድማጮቻችን» አለች አቅራቢዋ፣ ከሁሉም መስኮት። «ዘፈኑን ለአስቸኳይ የትራፊክ መልእክት እናቋርጣለን። በብሬንፎሽ ድልድይ ላይ አንድ በዝግታ የሚሄድ ተሽከርካሪ... ቆሟል። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ተዘግቷል። ከስፍራው የደወሉልን የአውቶቡስ ሹፌር እንደገለጹልን አሽከርካሪው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ንግግር አድርጓል። የንግግሩ ዓላማ እስካሁን አልታወቀም። ወደ ብሬንፎሽ የምትጓዙ...» እያለች የሚዞሩበትን መንገድ በየመንደሩ እየዘረዘረች ቀጠለች። ስትጨርስ ከአንሶላው ጥቂት ሽክርክሪት ብቻ ቀርቶ ነበር። «ማሪታና ኡርባን ነበሩ» አለች።

የአውቶቡሱ ሹፌር ከስልክ ሳጥኑ ሲመለስ ሁሉም ሰው ሲያየው ጊዜ ምን አጠፋሁ በሚል ፊት ቆመ። ቶርድ ጭነቱ ላይ እንደቆመ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዘፈኔን ያሰማኝም ያስቆረጠብኝም እሱው ነው። የገዛ ሬዲዮው ግን ከእግሩ ሥር ስለ ቪንጋ ነፋስ ማንበቡን ቀጥሏል፤ ባለቤቱ ዜና መሆኑን አልሰማም።

መጀመሪያ የሳቀችው ኢልቫ ናት። ቀጥሎ ኮኒ ክላክሱን ተጫነ፤ ግን የንዴት አልነበረም፣ ሰርግ ላይ እንደሚነፋው ነው። ከዚያ ሁሉም ነፉት። ከነአውቶቡሱ። እኔና ኡርባን በዚያ ሁሉ ክላክስ መሐል ጭነቱ ላይ ወጥተን ያልተሰማውን አዝማች ጮኸን ዘፈንነው፤ ማንም እንዳልሰማን እርግጠኛ ነኝ። ቶርድ መሐላችን ቆሞ «ይቅር በይኝ ማሪታ፣ ይቅር በይኝ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ምን ልበለው? አንገቱን አቅፌ ዘፈንኩ።

ካሴቷ እንደተባለው ሳትመለስ ቀረች። የአዝማቹን ነገር ዛሬም ሳስታውስ ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ ኮኒ የተረፈኝ ሬዲዮ አለኝ ብሎ ይዞ መጣ። ለመስጠት አፍሮ ሲንተባተብ ላየው፣ የሚቀማ እንጂ የሚሰጥ አይመስልም ነበር። ኡርባን ገጠመው። የማይይዘው ጣቢያ የለም፤ የባሕሩንም፣ የዘፈኑንም፣ የማናውቀውንም ቋንቋ ይይዛል። ቅዳሜ ለዙር ስንወጣ ቶርድ እጁን መሪው ላይ እንደ ዕቃ አስቀምጦ፣ እናንተ ምረጡ፣ እኔ ለሁሉም ግድ የለኝም አለን። ዘፈኑን ከፈትን። መስኮት አወረድን፣ ክርን አወጣን። ኮኒ ሲያልፈን አውራ ጣቱን አሳየን። እንደ ሰው ሆንን።

ቋሊማ ኪዮስክ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ድልድይ፣ አደባባይ። ጊታሩ ይጮኻል። ቶርድ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ሠላሳ ላይ ነን፣ መብራት አላበራም፣ የሚጠነቀቅለት ነገር የለውም። ኡርባን ይቁነጠነጣል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ላንድስኦርት ላይ ምን እየነፈሰ እንደሆነ አለማወቄ ያስጨነቀኝ ጀመር። እኔን፣ በባሕር ዜናው ስማረር የኖርኩትን!

እጄን ወደ ማዞሪያው ሰደድኩ። ቶርድ ከልማዱ የተነሳ ቸብ ሊያደርገኝ ሲል ኡርባን በላዬ ተሻግሮ የእሱን እጅ ቸብ አደረገው።

«ተዋት» አለው። «ሙዚቃ ነዳጅ ይበላል።»

ሴትዮዋን አገኘኋት። ድምፅዋ እንደ ወትሮው የረጋ ነው፤ ላንድስኦርት፣ ደቡብ ምዕራብ፣ እየበረታ የሚሄድ ነፋስ። ቶርድ አንገቱ ቀላ፤ ፍጥነቱን ወደ ሃያ አወረደና መብራቱን አበራ። ኡርባን ከአግዳሚው ሥር ኮፍያዎቹን አውጥቶ አደለን። የኔን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት።